ለርቢ ስለ ሰጠሁት ጊታርና ከፍዬ ስለ ተማርኩት ጃዝ

ኅዳር 6 ቀን 2010 ዓ.ም.
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም

ለክቡር መምህር ዳኛው በላቸው
የጃዝ ጊታር ኦንላይን አካዳሚ መሥራች፣ ዳይሬክተርና ብቸኛ መምህር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤናዎ፣ ለአካዳሚዎ፣ በተለይም ስንቱ ሰው በስልኩ መስታወት ላይ አፍጥጦ ለሚመለከታቸው አሥር ጣቶችዎ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ዘመንዎ የጥጋብ፣ መብራትዎ የማይጠፋ፣ ኢንተርኔትዎም የማይቆራረጥ ይሁንልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሱቄም ደኅና ነው። እኅቴ ዐዚዛም ደኅና ናት፤ በእርስዎ ምክንያት ሰሞኑን ማንም ቀና ብሎ የማያያት ሆናለች እንጂ፤ እሱን በተራው እመጣበታለሁ።

ከተማሪዎችዎ ብዛት የተነሣ ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ኡዘይር ጀማሉዲን ይባላል። ጎንደር አባቴ ባወረሰኝ ሱቅ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ በአካዳሚዎ መዝገብ ደግሞ የብር ደረጃ ተማሪ ነኝ። ከዚያ በፊት፣ ማለትም እርስዎ ክቡር ከመሆንዎ በፊት፣ ከደጋው ከመካነ ብርሃን ለትምህርት መጥተው በአባቴ ግቢ የኋላ ክፍል ተከራይተው ሳሉ፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ተቀምጠን በአንድ ጊታር ተራ እየገባን የምንጫወት ጓደኛዎ ነበርኩ። ተራዬ ሲያልፍ እንኳ ለእርስዎ እለቅልዎ እንደ ነበር ማንሳት ግን ጨዋነት ስላልሆነ አላነሣውም።

ደብዳቤዬን በግልጽ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ወደ ስልክዎ ስደውል ጸሐፊዎ ታነሣለች፤ ለአካዳሚው ስጽፍ ደግሞ ማሽን ይመልስልኛል። ጉዳዩም የሚቆይ አይደለም። አባትዎ አያ በላቸውና እናትዎ ወይዘሮ እናኑ ለመጪው ጥምቀት አብረው ሊቆርቡ ተዘጋጅተው ሳለ፣ አያ በላቸው ከዋስነቴ ሳልወርድ አልቆርብም ብለው እምቢ ብለዋል። ዋስ የሆኑት ለእርስዎ ነው፤ ባለጉዳዩም እኔ ነኝ። በዚያ ላይ የሠርግ ባንድ ልጆችም፣ የሰፈራችን መምህርት ትዕግስትም፣ ስለ መመዝገቤ የሰማ ሁሉ ሱቄ እየመጣ "ይኸ የሚከፈልበት ትምህርት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ለሁሉም በአንድ ወረቀት መልስ መስጠት ሥራ ያቀልልኛል ብዬ ነው። አንዱን ቅጂ በፌስቡክ ገጽዎ ግርጌ፣ አንዱን በሱቄ በር ለጥፌዋለሁ።

እርስዎ ነገሩን በሚገባ ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ግን በአጭሩ ላስረዳ። በ1990 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ሙዚቃ ለመማር ዕድል ሲያገኙ ጊታር አልነበረዎትም። የነበረው አንድ ጊታር አጎቴ ዐብዱልከሪም ከሱዳን በመተማ በኩል ያመጣልኝ ነው። እንዳልሸጥልዎ ከየት አምጥተው ይከፍሉኛል፤ እንዳልሰጥዎ ደግሞ እኔም አንጀቴ አልቆረጠም። በዚያ ዓመት ለፋሲካ እናንተ ቤት ወጥቼ ነበር። ሥጋው ለእኔ ስለማይሆን እናትዎ እርጎና ማር ለብቻዬ አቅርበውልኝ ስንጫወት፣ አባትዎ የሁለታችንን ጭንቀት አዩና "ሸጥህለት?" አሉኝ። አይ አልኩ። "ሰጠኸው?" አይ አልኩ። "እንግዲያው ርቢ ነዋ! ምን ያስጨንቃችኋል?" አሉ።

ርቢ ማለት በደጋው አገር ላም ያለው ሰው ላሟን ለሌላው ሰጥቶ የሚያረባበት ውል ነው። ላሟ የሰጪው እንደ ሆነች ትኖራለች፤ የተቀበለው ይቀልባታል፣ ይጠብቃታል፤ የወለደችውን ግን እኩል ይካፈላሉ። ላሟ ብትሞት እንኳ ቆዳዋን አምጥቶ ማሳየት ግዴታ ነው። አያ በላቸው ይህን ሕግ ለጊታር አበጁት፦ ጊታሩ የኡዘይር ነው፤ ዳኛው ይዞት ይሂድ፤ በእሱ ያወቀውን ሁሉ ግን ሳይደብቅ ለኡዘይር ያስተምር፤ ቢሰበር እንጨቱን ያምጣ። ጎረቤታችሁ አያ አወቀ ምስክር ሆኑ፤ አባትዎ ዋስ ሆኑ። እኛ ሁለታችን እንስቅ ነበር። አባትዎ ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው ቆመው "ዋስ ነኝ" አሉ።

አሁን በእርስዎ ፈቃድ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የእርስዎም ትምህርቶች በቁጥር የተደረደሩ ስለሆኑ ይህ አቀራረብ እንደማያስቸግርዎ ተስፋ አለኝ።

1ኛ. ስመዘገብ የሞላሁት ቅጽ በመጀመሪያ "ጊታር ይዘው ያውቃሉ?" ሲል ጠየቀኝ። ከጥያቄው በላይ እርስዎ አንገትዎን ሰበር አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ በፎቶግራፉ ላይ የያዙት ጊታር የእኔ ነው። "አዎ" የሚለውን መረጥኩ። ቀጥሎ "ጊታር ከሌለዎ ትምህርቱን ከመጀመርዎ በፊት ጊታር መግዛት ይኖርብዎታል" አለኝ። ስለ ምክርዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ገዛሁ።

2ኛ. የጎንደርን ኢንተርኔት ጠባይ እርስዎም አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። የዐሥር ደቂቃ ትምህርት ለማየት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን እጅዎ አንድ አስቸጋሪ ኮርድ ላይ እንደ ተቀመጠ ቪዲዮው ቀጥ ብሎ ቀረ። እኔም ቪዲዮው እስኪንቀሳቀስ ብዬ ጣቶቼን እንደ እርስዎ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ደንበኛ መጥቶ ጨርቅ ቁረጥልኝ ሲለኝ እንኳ አልለቀቅሁም። ቪዲዮው አልቀጠለም፤ ያን ኮርድ ግን ዛሬ በእንቅልፍ ልቤ እይዘዋለሁ። ለዚህ ሳያውቁት ለሰጡኝ ትምህርት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይህ ቅሬታ እንኳ አይደለም፤ ቁጥሩን ለማብዛት ነው ያገባሁት።

3ኛ. የሄዱ ሰሞን ቃልዎን ጠብቀው ነበር፤ ይህን መደበቅ ነውር ነው። የተማሩትን በደብተር ወረቀት ላይ እየሣሉ፣ ጣት የሚያርፍበትን በነጥብ እያመለከቱ ዘጠኝ ወረቀት ልከውልኛል። ዘጠኙም አሉኝ። የሴት አያቴ የሙሚናን የመንዙማ ዜማ በጊታር እንዴት አድርገን በጃዝ ኮርድ እንደምናጅበው ቀሐ ዳር ጀምረነው የተውነውን ነገር አዲስ አበባ ሆነው ቀጥለውት፣ ዘጠነኛው ወረቀት መጨረሻ ላይ "ዋናው ሚስጥር አሁን ገባኝ፤ የቀረውን በሚቀጥለው ደብዳቤ" ብለው ጽፈዋል። ይህ በ1992 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነው። የሚቀጥለውን ደብዳቤ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ ፖስታ ቤቱን ጠረጠርኩ፤ ታመው ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁ፤ አገር ጥለው ሄደው ይሆናል ብዬ አባትዎን ጠየቅሁ። ሰው ወዳጁን ከመጠርጠሩ በፊት ስንቱን እንደሚጠረጥር ያየሁት በራሴ ነው።

ስለዚህ አካዳሚ መክፈትዎን ስሰማ እንደ ተማሪ ተመዝግቤ፣ "መምህሩን ይጠይቁ" የሚል ቦታ ላይ ከዘጠነኛው ወረቀት በኋላ ምን እንደሚመጣ በትሕትና ጠየቅሁ። ስሜንም፣ ሰፈሬንም፣ የአያቴንም ስም ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን "ውድ ተማሪያችን፣ መምህሩን በቀጥታ መጠየቅ የሚፈቀደው ለወርቅ ደረጃ ተማሪዎች ብቻ ነው፤ በርትተው ይለማመዱ" የሚል መልስ መጣልኝ። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ከዚያ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት ለማን እንደ ተተረተ ገባኝ።

4ኛ. ትምህርት ቁጥር አሥራ ሁለት።

በዚህ ትምህርት "የራሴ ስልት" ብለው ያስተማሩት ዜማ የአያቴ የሙሚና ዜማ ነው። ስሟ የለም፤ መንዙማ መሆኑም አልተነገረም፤ "በልጅነቴ ተራራው ላይ ነፋሱ ያስተማረኝ" ብለዋል። አያቴ በሕይወቷ ብዙ ስም ወጥቶላታል፤ ነፋስ ግን ተብላ አታውቅም። የዘጠነኛው ወረቀት ቀጣይም እዚሁ አለ። አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅሁት "የሚቀጥለው ደብዳቤ" እነሆ ከፍዬ ደረሰኝ።

ቀጥሎ ጊታሩን ወደ ካሜራው አስጠግተው፣ ከታች በኩል ያለውን የተቃጠለ ቦታ እያሳዩ፣ ድሃ ተማሪ ሳሉ በሻማ ሲለማመዱ እንቅልፍ ወስዶዎት ሻማው ያቃጠለው የመሥዋዕትነት ምልክት መሆኑን ተናገሩ። ከግርጌ ስንት ሰው የሚያለቅስ ፊት ለጥፏል። ክቡር ሆይ፣ ያ ጠባሳ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ሻማ እንዲህ አያቃጥልም። እኅቴ ዐዚዛ ለዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ ስትተኩስ እኔና እርስዎ አላስቆም አላስቀምጥ ብለናት፣ "አሁንስ በዛ!" ብላ የከሰሉን ካውያ ጊታሩ ላይ ያሳረፈችበት ነው። እርስዎ ከሳቅ ብዛት ከበርጩማ ወድቀው ነበር። ዐዚዛ ቪዲዮውን አይታ፣ በሕይወቷ አንድ ታሪካዊ ነገር ብትሠራ እሱንም ለሻማ ሰጡባት ብላ ሦስት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገረችም።

ይህም ይሁን። ጠባሳውን ይውሰዱት፣ ነፋሱንም ይውሰዱት። መጨረሻ ላይ ግን ካሜራውን ትክ ብለው አይተው እንዲህ አሉ፦ "ማንም አላስተማረኝም። ማንም አልረዳኝም። ጊታር የሚያውስ ጓደኛ እንኳ አልነበረኝም።"

ዳኛው፣ ምነው? ምን አድርጌህ ነው? ስሜን አለመጥራት ትችል ነበር፤ ዝም ብትል አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። ዝምታህን አሥራ ሰባት ዓመት ችዬዋለሁ። አልነበረም ማለትን ምን አመጣው?

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ከተማሪ የማይጠበቅ ንግግር ወጣኝ፤ ወደ ቁጥሬ ልመለስ።

5ኛ. ባለፈው መስከረም አባትዎ ዓይናቸውን ሊታከሙ ጎንደር ወርደው እንደ ወትሮው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው በፋሻ ታሽጎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ ተኝተዋል ብዬ ከጎናቸው ትምህርት ቁጥር አሥራ ሁለትን በስልኬ ከፈትኩ። ዜማው እንደ ጀመረ "ይኸ ሸጋ ነው፣ ማን ነው የሚመታው?" አሉ። ልዘጋው ስል የእርስዎ ድምፅ መጣ። "ዳኛው ነው! ተወው፣ ተወው፣ አትዝጋው!" አሉኝ። ድምፅዎን ከሰሙ አራት ዓመት አልፏቸዋል፤ ለበዓል ገንዘብ በሰው ይልካሉ፣ ድምፅ ግን በሰው አይላክም። እጄን ይዘው ፈገግ ብለው ሲያዳምጡ፣ ያችን የመጨረሻዋን ንግግር ሰሙ።

እጄን ለቀቁኝ። ከዚያ "ይኸን የሚለው ለአንተ ብቻ ነው ወይስ ሰው ሁሉ ይሰማዋል?" ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ይሰማዋል አልኩ። "ርቢው ገብቶልሃል ስልህ በየዓመቱ አዎ የምትለኝ ውሸትህን ነው?" አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ቀለሙ አይለቅም ብዬ የሸጥኩት ጨርቅ ስንት ቤት ለቆ ይሆናል። ለእርስዎም ብዬ ለአባትዎ በየዓመቱ ዋሽቻለሁ። ፋሻ ለታሰረ ዓይን ግን መዋሸት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። እኔ ትቼዋለሁ፣ አውፍ ብያለሁ ብዬ ለመንኳቸው። "አንተ ብትተው ደግ ነህ፤ እኔ ግን ዋስ ነኝ፣ ዋስ የሚወርደው ዋስ ያደረገው ሰው ራሱ ቀርቦ ሲናገር ነው" አሉኝ። ጊደር ላምጣልህና ልውረድ አሉ፤ እሺ አልኩ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ እሺ አልኩ። አሰቡበትና ደግሞ ተዉት፤ ጊደር ዜማ አትወልድም፣ እግዜርን ላታልል ነው እንዴ አሉ። የንስሐ አባታቸውም ለመኗቸው፤ ያው ናቸው። እናትዎ ወይዘሮ እናኑ እሱ ካልቆረበ ለብቻዬ አልገባም ብለዋል። ሁለት ሽማግሎች ነጭ ልብሳቸውን አሰፍተው አስቀምጠው (ጨርቁ ከእኔ ሱቅ ነው፤ ቀለም የለውምና አይለቅም) የእርስዎን አንድ ቃል ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ ተጠየቅሁት ጥያቄ ልምጣ። ትምህርቱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ያዋጣል። እውነቱን ለመናገር ብዕሬን ቀለም ሞልቼ የተነሣሁት አያዋጣም ለማለት ነበር፤ አልቻልኩም። እርስዎ ታላቅ አስተማሪ ሆነዋል። ሌላው የሚያድበሰብሰውን ኮርድ አንድ ጣት በአንድ ጣት ያሳያሉ፤ ተማሪው የሚሳሳትበትን ቦታ ሳይሳሳት ያውቁለታል። ይህን ትዕግሥት የት እንደ ተማሩት እኔ አውቃለሁ፤ ጣቶቼ ወፍራም ስለ ነበሩ አንዷን ነገር ቀሐ ዳር አርባ ጊዜ ይደግሙልኝ ነበር። መምህርት ትዕግስት ይመዝገቡ። የሠርግ ባንድ ልጆችም አዋጥተው ይመዝገቡ። ከፍለው የሚማሩት ዕውቀት ዋጋ አለው፤ ላሟ የእነሱ አይደለችምና ወተቱን ቢገዙ ነውር የለበትም። ለራሱ ላም ወተት የሚከፍል ሰው በዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ።

ከእርስዎ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ የከፈልኩትም አይመለስልኝ። ጊታሩንም አልጠይቅም፤ ለምዶዎታል። ስሜን በቪዲዮ አይጥሩልኝ፤ አያቴም ስሟን የሚጠራላት በቂ ሰው ጎንደር ውስጥ አላት። የምጠይቀው ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን መካነ ብርሃን ወጥተው፣ በአባትዎ፣ በእናትዎና በአያ አወቀ ፊት ቆመው "ጊታሩ የኡዘይር ነው፤ ያወቅሁትን አላካፈልኩም" እንዲሉ ብቻ ነው። ዐረፍተ ነገሯ አጭር ናት፤ ካሜራ አያስፈልጋትም። አባትዎ ከዋስነት ይወርዳሉ፣ ይቆርባሉ፤ እርስዎም በማግሥቱ ተመልሰው ማንም እንዳልረዳዎ ማስተማርዎን ይቀጥላሉ።

ስለ ሰጡኝ ዕውቀት፣ ስለ ነፈጉኝም፣ እኔ ባልነበርኩበት ሕይወትዎ ስለ ደረሰብዎ ብቸኝነት ሁሉ የጠለቀ ምስጋናዬንና ኀዘኔን አደባልቄ እያቀረብኩ፣ ጣቶችዎን አላህ ይጠብቅልዎ ዘንድ እየጸለይኩ፣ ከእግርዎ በታች ከሚቀመጡት የብር ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ዝቅ ብዬ ራሴን ስሰይም፣

ያልነበረው ጓደኛዎ
ኡዘይር ጀማሉዲን
(ፊርማ)

ከደብዳቤው በኋላ፦ ጓደኛ ጋብዞ ለሚያስመዘግብ ተማሪ አካዳሚዎ ቅናሽ እንደሚያደርግ የሚገልጸው ማስታወቂያ ትናንት ደረሰኝ። አባትዎ ፋሻው ከተፈታ ወዲህ ልጃቸውን አንድ ጊዜ ማነጋገር ስለሚሹ፣ ቅጹን በስማቸው ሞላሁላቸው። ስም፦ በላቸው ተገኘ። ዕድሜ፦ ሰባ ስምንት። የሚኖሩበት፦ መካነ ብርሃን። ለመመዝገብ የፈለጉበት ምክንያት፦ መምህሩን ማግኘት። ዛሬ ጠዋት የመጣው መልስ፣ አቶ በላቸው የወርቅ ደረጃ ክፍያ እስኪያጠናቅቁ ድረስ መምህሩን ማግኘት እንደማይችሉ ይገልጻል። ሽማግሌው ይህን በጎረቤት ስልክ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ አንድ በሬ አላቸው፣ ይበቃ እንደ ሆነ ጠይቅልኝ ብለውኛል።